ለታደሰ አሮጌ ሞተር ዘይት ስለ መምረጥ

የአንድ ቤት ኑሮ በብዙ ነገር ይቆማል። ከነዚህም አንዳንዱ ለዓይን የሚታይ ትልቅ ነገር ነው፤ ይኸውም ቤቱ፥ እርሻው፥ ከብቱ ነው። አንዳንዱ ደግሞ በዕቃ ውስጥ የተሰወረ ጥቂት ነገር ሲሆን፥ እርሱ የጐደለ ቀን ትልቁ ሁሉ ተከትሎት ይወድቃል። በካሚዮን ለሚተዳደር ቤተሰብ ይህ የተሰወረ ጥቂት ነገር የሞተር ዘይት ነው። የዚህ ገጽ አንባቢዎች «ይህ የሾፌርና የመካኒክ ጉዳይ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» ይሉን ይሆናል። ዳሩ ግን የካሚዮን ሞተር ነክሶ የቆመ እንደ ሆነ፥ አስቀድሞ የሚጐድለው የጋራዡ መሶብ አይደለም፤ የቤቱ መሶብ ነው። ስለዚህ እናትም አባትም ልጅም ነገሩን ቢያውቁት ይጠቅማል ብለን ይህን ጻፍን።

እኛ በአሶሳ ዞን፥ በመንጌ ወረዳ፥ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የምናገለግል ሰው ነን። ፊደል የቆጠርነው በቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ ኋላም ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተን የላቲንን ፊደልና የእንግሊዝኛን ንባብ ተማርን። ሙያችን መካኒክነት አይደለም። ሙያችን ሰነድ ማንበብ፥ የምስክርን ቃል መጻፍ፥ አንዱ የተናገረውን ሌላው ከተናገረው ጋር ማስተያየት ነው። ሆኖም ዘይት በመምረጥ ነገር ከሁሉ ይልቅ የጠቀመን ይኸው ሙያ ሆነ፤ እንዴት እንደ ሆነም ወደ ታች እንገልጻለን።

ከባለቤታችን ታላቅ ወንድም ጋር በማኅበር የያዝነው አንድ አሮጌ አይሱዙ ካሚዮን አለን። ከመንጌ ማንጎና ማሽላ ጭኖ ወደ አሶሳ ገበያ ይወጣል፤ ሲመለስም ጨው፥ ስኳር፥ ሳሙናና የቤት ክዳን ቆርቆሮ ይዞ ይገባል። ሞተሩ «ፎር ቢ ዲ ዋን» ከሚባለው ወገን ነው። ባለ 4 ሲሊንደር ናፍጣ ነው፤ የያንዳንዱ ሲሊንደር ስፋት 102 ሚሊ ሜትር፥ የፒስተኑ ጉዞ 118 ሚሊ ሜትር ሲሆን፥ በጠቅላላው 3.9 ሊትር ያህል ይሆናል። ከዚህም በላይ የሚወጣውን ጢስ ጉልበት ተጠቅሞ ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋ ተርቦ አለው። በዘመኑ በዚያ መጠን ካሉት ካሚዮኖች ተርቦ የሌለው ብዙ ስለ ነበረ፥ ይህ ዳገት የማይፈራ ጐበዝ ይባል ነበር። ጐበዝም ቢሆን ግን ዕድሜ አይምርም።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ካሚዮኑ ሰማያዊ ጢስ ማብዛት ጀመረ። ማታ የሞላነው ዘይት በሦስተኛው ቀን ከመለኪያው ዘንግ ታችኛ ምልክት ይደርሳል። ዳገትም ላይ ትንፋሹ ያጥረው ጀመር። ስለዚህ ሞተሩ ወርዶ ይታደስ ተባለ። ኮሎው ሬቲፊካ ቤት ገባ፤ ካሚቻው፥ ፒስተኑ፥ ፋሻውና ብሮንዚኑ ከአዲስ አበባ ከሶማሌ ተራ ተገዝቶ 660 ኪሎ ሜትር ያህል ተጭኖ መጣ። የወጣው ገንዘብ ከአንድ ዓመት ደመወዛችን ይበልጣል። ባለቤታችን ከልጅነቷ ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ያጠራቀመችውን የአገራችንን ወርቅ አውጥታ ሸጠች፤ ለሴት ልጃችን ለከፍተኛ ትምህርት ብለን ያኖርነውም ገንዘብ ተጨመረበት። እንግዲህ በዚያ ሞተር ውስጥ የገባው ብረት ብቻ አለመሆኑን አንባቢ ያስተውል።

ሥራው ተፈጽሞ መካኒኩ «ነገ ዘይት ይገባበታል፤ ዘይቱን አምጡ» ባለን ማታ በቤታችን ሸንጎ ተቀመጥን። የባለቤታችን ወንድም፥ ጋሼ የምንላቸው፥ ካሚዮኑን 20 ዓመት የነዱት እርሳቸው ናቸውና አስቀድመው ተናገሩ።

«የመንጌን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ቀጭን ዘይት በዚህ አገር ውሃ ሆኖ ይቀራል። እኔ የማውቀው 50 ቁጥር ወፍራም ዘይት ነው፤ አባቶቻችንም በእርሱ ነዱ።»

ከአዲስ አበባ የመጣው የእኅታችን ልጅ ደግሞ ይህን አልወደደም። እርሱ የሚያውቀው አዲስ የቤት ኦቶሞቢል ነው።

«ጋሼ፥ ያ ዘመን አለፈ። ዛሬ የሚገዛው ሲንተቲክ፥ 5ደብልዩ-30 ነው። ዋጋው ውድ ነው፤ ግን ይህን ያህል ወጪ ከተደረገ በኋላ በዘይት መቆጠብ ምን ይባላል?»

አንድ ጐረቤታችንም በበርሜል የመጣ፥ በጀሪካን እየተቀዳ በርካሽ የሚሸጥ ዘይት እንዳለ ነገሩን። በስልክ የተጠየቀው መካኒክ «15ደብልዩ-40፥ ሲ አይ 4፥ ሲንተቲክ ያልሆነ» ብሎ በአጭሩ መለሰ። በዚህ ጊዜ ጋሼ «ይህ ልጅ ትናንት የተወለደ ነው» ብለው ተቈጡ። ነገሩ ከዘይት አልፎ ወደ ክብር ሊገባ ሲል፥ ባለቤታችን ቡናውን እያቀረበች እንዲህ አለች፦

«ሁላችሁም ለሞተሩ ጠበቃ ሆናችሁ ትከራከራላችሁ። ሞተሩ ራሱ የሚለውን የጠየቀው ማን ነው?»

ቃሏ እውነት ነበር። በችሎት አስቀድሞ ሰነድ ይቀርባል፤ ምስክር ከዚያ በኋላ ይሰማል። የካሚዮኑ ሰነድ የሠሪው መጽሐፍ ነው። ከወንበሩ ኋላ በፌስታል ተጠቅልሎ፥ ዳሩን ምስጥ በልቶት ተገኘ። እኛም ያን መጽሐፍ በአንድ ወገን፥ የዘይቶቹን ጣሳዎች ጽሕፈት በሌላ ወገን አድርገን ማንበብ ያዝን። በቄስ ትምህርት ቤት አንዲት ፊደል ብትዛነፍ ምሥጢር ይፈርሳል እየተባልን ስላደግን፥ በጣሳ ላይ ያለችውንም ፊደል ንቀን አላለፍንም። ያገኘነውን እነሆ እንናገራለን።

አስቀድሞ ዘይት በሞተር ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይገባል። ብዙ ሰው ብረት ከብረት እንዳይፋተግ ያለሰልሳል ብሎ ብቻ ያስባል። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሥራው አምስት ነው። ያለሰልሳል፤ ውሃ የማይደርስበትን የፒስተን ሆድና የተርቦውን ዘንግ ያቀዘቅዛል፤ ጥላሸቱን እያጠበ ተሸክሞ ይዞራል፤ በፋሻውና በካሚቻው መካከል ያለችውን ቀጭን ክፍተት ይዘጋል፤ ከናፍጣው ድኝ የሚወለደውን አሲድም ያመክናል። ስለዚህ ዘይት ለሞተር ደምም፥ ሳሙናም፥ መድኃኒትም ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ቀጥሎ ስለ ቍጥሩ ነው። የአሜሪካ የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1911 ዘይትን በውፍረቱ በቍጥር መመደብ ጀመረ። በጣሳው ላይ «ኤስ ኤ ኢ» ተብሎ የሚጻፈው የዚህ ማኅበር ምልክት ነው። 15ደብልዩ-40 በሚለው ጽሕፈት፥ ከደብልዩ በፊት ያለው ቍጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስ ይነግራል፤ ደብልዩ ማለትም በእንግሊዝኛ የክረምት ብርድ ማለት ነው። የኋላው ቍጥር ግን በ100 ዲግሪ ሙቀት፥ ይኸውም ሞተር ሥራ ላይ ባለ ጊዜ፥ የሚኖረውን ውፍረት ይነግራል። በዚህ መለኪያ በቤት ሙቀት ያለ ውሃ 1 ያህል ቢሆን፥ በ100 ዲግሪ የጋለ 40 ቍጥር ዘይት ከ12.5 እስከ 16.3፥ 50 ቍጥር ደግሞ ከ16.3 እስከ 21.9 ይሆናል። እንግዲህ «ቀጭን ዘይት ውሃ ይሆናል» የሚለው የጋሼ ሥጋት ከልምድ የመጣ ቢሆንም፥ 40 ቍጥር ሞተሩ በጋለበት ጊዜ እንኳ ከውሃ ከ12 ጊዜ በላይ የሚወፍር መሆኑን ቍጥሩ ይመሰክራል።

ይህን ለማስረዳት ከቤት ምሳሌ እናምጣ። ማር በማለዳ ከቅል አይወርድም፤ ፀሐይ ከመታው በኋላ ግን ይፈሳል። ነጠላ 50 ቍጥር ዘይትም ጧት ጧት እንደ ማር ነው። መካኒኮች እንደሚነግሩን፥ ሞተር እጅግ የሚበላው ተነሥቶ ዘይት እስኪደርሰው ድረስ ባለችው አጭር ጊዜ ነው። ተርቦው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚቸኩል ነው፤ ዘንጉ በደቂቃ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ዙር እየዞረ የሚንሳፈፈው በዘይት ላይ ነውና። ስለዚህ ጧት ፈጥኖ የሚደርስ፥ ቀትር ላይም ውፍረቱን የሚጠብቅ ዘይት ያስፈልጋል፤ ባለ ሁለት ቍጥር ዘይት የተሠራውም ለዚህ ነው።

ጋሼ ግን አንድ ትክክለኛ ነገር ተናግረዋል፤ እርሱን መሰወር አይገባንም። አሮጌው ሞተር ከመታደሱ በፊት ብሮንዚኑ ተበልቶ ክፍተቱ ሰፍቶ ነበርና፥ በዚያ ጊዜ ወፍራም ዘይት ግፊቱን ደግፎ ይይዝለት ነበር። የታደሰው ሞተር ግን ክፍተቱ እንደ አዲስ ጠብቧል። ለሽማግሌ የተሰጠ ምርኩዝ ለጐልማሳ ሸክም ይሆናል። ልምዳቸው ሐሰት ሆኖ አይደለም፤ ልምዱ የተገኘበት ሞተር ተለወጠ እንጂ።

ከቍጥሩ ቀጥሎ ፊደሉ ይመጣል፤ ብዙ ሰው የሚስተው በዚህ ነው። «ኤ ፒ አይ» የሚባለው የአሜሪካ የነዳጅ ድርጅት ዘይትን በሁለት ወገን ይከፍላል። በ«ኤስ» የሚጀምረው ለቤንዚን ሞተር ነው፤ በ«ሲ» የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተር ነው። ከዚያ በኋላ የሚከተለው ፊደል በየጊዜው የወጣውን ደረጃ ያመለክታል። ያረጀው መጽሐፋችን «ሲ ዲ» የሚለውን ይጠይቃል፤ ይህም ከኤውሮፓ አቆጣጠር 1955 ጀምሮ የነበረ፥ ዛሬ ጊዜው ያለፈበት ደረጃ ነው። በ2002 የወጣው «ሲ አይ 4» ግን ድርጅቱ ራሱ በ«ሲ ዲ» ምትክ ይገባል ብሎ የመሰከረለት ነው። እንግዲህ የመካኒኩ ቃልና የሰነዱ ቃል ተስማማ።

«ከዚያም በኋላ የወጡ አሉ፤ ለምን አዲሱን አትወስዱም?» የሚል ይኖራል። መልሱ በናፍጣው ነው። በኋላ የወጣው «ሲ ጄ 4» የተሠራው ጢሳቸውን በማጣሪያ ለሚያጣሩ አዲስ ሞተሮችና ድኙ እጅግ ለተቀነሰ ናፍጣ ነው። «ሲ አይ 4» ግን ድኙ እስከ 0.5 ከመቶ ለሚደርስ ናፍጣ ጭምር የታሰበ ነው። የእኛ ካሚዮን የጢስ ማጣሪያ የለውም፤ ናፍጣውንም ሁልጊዜ ከአንድ ማደያ አይቀዳም። ስለዚህ አሲድን ለመቋቋም የበረታውን መረጥን። አዲስ የሆነ ሁሉ ለአሮጌ ይስማማል ማለት አይቻልም።

የእኅታችን ልጅ ያመጣው 5ደብልዩ-30 ክፉ ዘይት ሆኖ አይደለም፤ በቦታው መልካም ነው። ለእኛ ሞተር ያልተስማማው ግን በሁለት ምክንያት ነው። መጀመሪያ፥ በጣሳው ላይ ያለው ፊደል የቤንዚኑ «ኤስ» ብቻ ነበረ። ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይረቅቃል። ከኤውሮፓ 1940ዎቹ ጀምሮ በሞተር ዘይት ውስጥ ከዚንክ፥ ከፎስፈረስና ከድኝ የተሠራ አንድ ቅመም ይጨመራል። ብረት ብረትን አጥብቆ በሚጫንበት ቦታ ይህ ቅመም ቀጭን ሽፋን ሆኖ ራሱን እየሠዋ ብረቱን ያድናል። ነገር ግን ፎስፈረሱ ከቤንዚን መኪና ጢስ ጋር ወጥቶ በጭስ ማውጫው ያለውን ማጥሪያ ስለሚያበላሽ፥ ከ2004 በኋላ ለወጡት ለነዚህ ቀጫጭን ዘይቶች ከ0.08 ከመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ። የእኛ ሞተር ደግሞ የጥንት ሥራ ነው፤ ካሙ ጠፍጣፋውን ፑንተሪያ እየተንሸራተተ በኀይል ይጫነዋል፤ የሚበላሽ ማጥሪያም የለውም። እንግዲህ ቅመሙ የተቀነሰበትን ዘይት በውድ ዋጋ ገዝተን ብንጨምርበት፥ ለሌላው መኪና ጤና ብለን የራሳችንን ካም ባስበላነው ነበር። ለከባድ ናፍጣ ሞተር የሚሠራ ዘይት ግን ይህን ቅመም ከዚያ አብልጦ ይይዛል።

በዚህ አሳብ ላይ ደርሰን ሳለ የእኅታችን ልጅ «እንግዲያው ለብቻው በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጠውን ቅመም ገዝተን እንጨምርበት» አለ። ይህንንም አልተቀበልነውም። ዘይት ሠሪው ቅመሙን ሁሉ መዝኖ አስማምቶ ጨርሶታል። ወጡ ከወጣ በኋላ ጨው የሚጨምር እንግዳ ወጡን አያጣፍጠውም። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው እንዳይሆንብን፥ ጣሳው እንደ ተዘጋ ከነሙሉ ቅመሙ ይግባ ብለን ወሰንን።

ሲንተቲክ የመሆኑና ያለመሆኑ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ሞተር ሲታደስ ካሚቻው በውስጡ መስቀልኛ ጭረት ይደረግበታል። ይህ ጭረት ዘይት ይይዛል፤ አዲሱንም ፋሻ በመጠኑ እየሞረደ ከካሚቻው ጋር ያላምደዋል። በዚህ የመላመጃ ጊዜ እጅግ የሚያንሸራትት ዘይት ከሆነ ፋሻው ቦታውን ለመያዝ ይዘገያል የሚሉ መካኒኮች ብዙዎች ናቸው። በዚህ ነገር ሊቃውንቱ ሁሉ አንድ ቃል አይደሉም፤ አዲስ መኪና በሲንተቲክ ተሞልቶ ከፋብሪካ የሚወጣም አለ። ነገር ግን የመጀመሪያው ዘይት ቶሎ ተደፍቶ የሚለወጥ ስለ ሆነ፥ ውዱን ዘይት ለመድፋት መግዛት ለቤተሰብ ከረጢት የሚገባ አይደለም። ይህን ስናስረዳ ባለቤታችን ፈጥና ተቀበለችን።

በማግስቱ አሶሳ ወርደን አፉ እንደ ታሸገ የሆነ 15ደብልዩ-40፥ ሲ አይ 4 የሚል ዘይት ገዛን። ሞተሩም ዝም ብሎ አልተነሣም። አስቀድሞ ለተርቦው በመግቢያው ዘይት ተንጠባጠበለት፤ ከዚያ ናፍጣው ተዘግቶ ሞተሩ በባትሪ ብቻ ጥቂት በጥቂት እየዞረ የዘይቱ ግፊት እስኪታይ ተጠበቀ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና ማንም አልቸኮለም። ከተነሣም በኋላ ቆሞ ብዙ እንዳይጮኽ ተደረገ። አዲስ ፋሻ በሥራ እንጂ በመቆም አይላመድም፤ ቆሞ ብዙ ሲዞር ካሚቻው እንደ መስታወት ይለሰልስና ፋሻው ሳይይዝ ይቀራል። ስለዚህ ግማሽ ጭነት ተጭኖ፥ ፍጥነቱ እየተለዋወጠ፥ ዳገትም ቁልቁለትም እየቀመሰ ሄደ።

500 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዘይቱ ከነፊልትሮው ተለወጠ። መካኒኩ አሮጌውን ፊልትሮ በመጋዝ ቈርጦ ወረቀቱን በጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። በእጥፋቱ መካከል እንደ አመድ የደቀቀ የብረት ትቢያ ታየ። ይህ ከመላመድ የመጣ ነውና አያስደነግጥም አለን። የሚያስደነግጠው በጣት የሚዳሰስ ፍርፋሪ ወይም የብሮንዚን ቅርፊት ነው፤ እርሱ አልነበረም። ባለቤታችን ያን ወረቀት ብዙ ጊዜ ቆማ ተመለከተችው። ወርቅ አጥቦ የሚያነጥር ሰው ገበቴውን እንደሚመለከት ነበር፤ ልዩነቱ ግን በዚህ ጊዜ የሚያብረቀርቅ ነገር እንዳይገኝ መመኘቷ ነው።

ከዚህ በኋላ ዘይቱ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲለወጥ ተስማማን። በአስፋልት ብቻ የሚሄድ መኪና ከዚህ ሊያራዝም ይችል ይሆናል። ወደ ቀበሌዎች በሚወስደው መንገድ አቧራ ለሚውጥ ካሚዮን ግን ማሳጠር ይሻላል፤ የአየር ማጣሪያውንም ቶሎ ቶሎ ማየት ያስፈልጋል። በአየር ማጣሪያ ያለፈ አሸዋ መልካሙን ዘይት በአንድ ቀን ሞረድ ያደርገዋልና።

የቤት ሰው ሁሉ ሊያውቃቸው የሚገቡ ምልክቶች አሉ። የናፍጣ ሞተር ዘይት በጥቂት ቀን ቢጠቁር ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ጥላሸቱን አጥቦ መሸከሙ ነው፤ የጠቆረው የእጥበት ውሃ ልብሱ መጥራቱን እንደሚያስረዳ ነው። ዘይቱ ወተት የነካው ቡና ቢመስል ግን ውሃ ገብቶበታል፤ ወዲያው ማቆም ነው። በመለኪያው ዘንግ ላይ ዘይቱ ሳይጨመር ጨምሮ የተገኘ እንደ ሆነም ደስ አይበላችሁ፤ ናፍጣ ሊሆን ይችላልና አሽትቱት። ተርቦ ያለው ካሚዮን ዳገት ወጥቶ እንደ ደረሰ በአንድ ጊዜ አይጠፋም፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ በቀስታ ይዙር። ያለዚያ በጋለው ዘንግ ላይ የቀረው ዘይት በምጣድ እንደ ተረሳ ዘይት አርሮ ይደርቃል።

በርካሽ በጀሪካን ስለሚሸጠው ዘይት አንድ ቃል እንጨምር። በጀሪካን ያለ ዘይት ፊደል የለውም፤ ፊደል የሌለው ዘይት ስም እንደሌለው ምስክር ነው። አሮጌ ዘይት ተጣርቶ፥ ቀለሙ አምሮ እንደ አዲስ ቢሸጥ በዓይን ማን ይለየዋል? ስለዚህ ማኅተሙ ያልተፈታ ጣሳ ግዙ፤ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ባዶውንም ጣሳ እስከሚቀጥለው ለውጥ ድረስ አትጣሉ። በሥራችን እንዳየነው፥ ስለ ተበላሸ ዕቃ ሰው ከሰው ሲካሰስ ብዙ ጊዜ የሚጐድለው እውነት አይደለም፤ እውነትን የሚያስረዳው ቁራጭ ወረቀት ነው።

ስለ ተደፋው ዘይትም ዝም ማለት አይገባም። በአገራችን የቤትን ምሰሶ ምስጥ እንዳይበላው ብለው አሮጌ ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ የሚተርፈውንም ወደ ወንዝ ዳር የሚያፈሱ አሉ። በዚያው ወንዝ ሴቶች ወርቅ ያጥባሉ፤ ልጆችም ውሃ ይቀዳሉ። የሠራ ዘይት ከሞተሩ የለቀመውን የብረት ትቢያና መርዝ ይዞ የሚወጣ ስለ ሆነ፥ በቆዳ ላይ አዘውትሮ መንካት ለካንሰር ሊያሰጋ እንደሚችል የጤና ሊቃውንት ያስጠነቅቃሉ። እኛ በተዘጋ ጀሪካን አጠራቅመን፥ ለውጥ በሚደረግበት ቀን ለሚሰበስበው ጋራዥ እንመልሳለን። ልጆችም ባዶውን የዘይት ጀሪካን ለውሃ እንዳይወስዱት በቀይ ቀለም ምልክት አድርገንበታል።

አሁን የጋሼን ነገር እንጨርስ። እርሳቸው እስከ ዛሬ «ወፍራሙ ይሻላል» ይላሉ። እኛም በቃል ልንረታቸው አልወደድንም፤ ሁለታችንም የምናምነው ዳኛ እንዲቀመጥ ተስማማን። ይህም ዳኛ በሾፌሩ ፊት የተተከለ የዘይት ግፊት መለኪያ ነው። ከዳገት በኋላ ሞተሩ ጋለ ብሎ በቀስታ ሲዞር ግፊቱ መጽሐፉ ከሚለው በታች የወረደ እንደ ሆነ፥ ፊደሉ ሳይለወጥ ወደ 20ደብልዩ-50 እንሄዳለን፤ ካልወረደ በ40 እንጸናለን። የባለቤታችን ወንድም ቍጥሩን ያነብባሉ፤ ሴት ልጃችን ከቀኑና ከኪሎ ሜትሩ ጋር በደብተር ትጽፋለች። ይህን እስከ ጻፍንበት ቀን ካሚዮኑ ከታደሰ 12,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ግፊቱ አልወረደም፤ በለውጥና በለውጥ መካከልም የሚጨመረው ዘይት ከአንድ ሊትር አይሞላም። ጢሱም ጠርቷል።

የባለቤታችን ወርቅ ገና አልተመለሰም። የልጃችን የትምህርት ገንዘብ ግን ከካሚዮኑ ገቢ በየወሩ ጥቂት በጥቂት እየተተካ ነው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ስለዚህ በቤታችሁ የሚሠራ ሞተር ያለ፥ ካሚዮንም ይሁን ወፍጮ ወይም የውሃ ፓምፕ፥ ይህን አድርጉ እንላለን። የሠሪውን መጽሐፍ ፈልጉ፤ ከቍጥሩ በፊት ፊደሉን አንብቡ፤ ሽማግሌውንም ወጣቱንም ስሙ፤ ከዚያም ክርክሩን በመለኪያና በደብተር ቍረጡት። ደብተሩንም ከቤቱ ልጆች አንዱ ይያዘው፤ ሒሳብም ትዕግሥትም ይማርበታልና።